የቆሻሻ ቀለም ሣጥኑ ሞልቷል ብላ ፕሪንተሬ ቆማለች፤ ሣጥኑን ልቀይር ወይስ ቆጣሪውን ዜሮ ላስደርግ?

ወረቀቷ ከማራኪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጎንደር ውስጥ ማራኪ ግቢ አጠገብ አነስተኛ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አለችኝ። ሁለት ኢንክጄት ፕሪንተሮች አሉኝ፤ ሁለቱም በጠርሙስ ቀለም የሚሞሉ ባለ ታንክ ናቸው። ዛሬ ረፋድ ላይ አንድ ተማሪ 94 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ መጣ። አዲሷ ፕሪንተር 61 ገጽ አትማ ቀጥ አለች። ማያዋ ላይ የወጣው ጽሑፍ «ሜንተናንስ ቦክሱ የአገልግሎት ዘመኑ አብቅቷል፤ ይቀየር» የሚል ነው። ቀለሙ ሙሉ ነው፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ መብራትም አለ (ይህ ራሱ ዕድል ነው)፤ እርሷ ግን ንቅንቅ አልልም አለች። ልጁ ቀሪውን 33 ገጽ ይዞ ወደ ፒያሳ ሮጠ።

የምፈራበት ምክንያት አለኝ። አሮጌዋ ፕሪንተር አምና ተመሳሳይ ነገር ስትል ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድኳት። ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኛት፣ አንድ ነገር ነካካ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ «ዜሮ ሆናለች፣ ውሰጃት» አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ከአራት ወር በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ስከፍት ጠረጴዛው ጥቁርና ሐምራዊ ሆኖ ጠበቀኝ። ከሥሯ አስቀምጬው የነበረው የደንበኛ የሠርግ መጥሪያ፣ 150 ፍሬ፣ እንዳለ ቀለም ጠጥቷል። ከኪሴ አውጥቼ እንደገና ሠራሁላቸው። ማሽኗም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

አሁን አዲሷንም ወስጄ ዜሮ ላስደርጋት? ወይስ ሣጥኑን ልቀይር? ደግሞስ ሣጥኑ ራሱ ምንድን ነው? እኔ የማውቀው ቀለም መሙላት እንጂ ቀለም መድፋት አይደለም።

ባለ አዘዞ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እኅቴ፣ አትጨነቂ። ሥራዬ በአንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። የእኛዋን ሦስት ጊዜ ዜሮ አስደርገናታል፤ እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ማሽኑ ስፖንጁን ከፍቶ አላየው፣ በሚዛን አላስቀመጠው። ይህን ያህል ጊዜ ታጥቤያለሁ፣ ይህን ያህል ቀለም ጥያለሁ ብሎ እየደመረ ይቆይና ከተወሰነለት ቁጥር ሲደርስ «ሞልቷል» ይላል። እንደ ባለ ሱቅ ዱቤ መዝገብ ነው፤ ዕቃው ይኑር አይኑር መዝገቡ አያውቅም። አምራቾቹ ዕቃ እንዲሸጥላቸው ነው የሚያስፈራሩሽ።

ካቻቢቴ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ከመመለሴ በፊት ሁለት ነገር ንገሪኝ፣ ልጄ። አንደኛ፣ የአዲሷን ጀርባ እዪ፤ በአንድ ብሎን የተያዘች ትንሽ ክዳን አለች? ሁለተኛ፣ ማታ ሱቅ ስትዘጊ ፕሪንተሮቹን የምታጠፊው እንዴት ነው?

ወረቀቷ ከማራኪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ክዳኗ አለች፣ ጋሼ። አሮጌዋ ግን እንደዚያ ያለ ነገር አይታይባትም።

ስለ ማጥፋቱ፣ ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም ፎቶ ኮፒውም አንድ ማከፋፈያ ላይ ስለ ሆኑ ማከፋፈያውን አጥፍቼ እወጣለሁ። ጠዋት ሳበራት የመጀመሪያው ገጽ ነጫጭ መስመር ይኖረዋል፤ ያን ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳጥባትና ትስተካከላለች። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥርም እንደዚሁ። ለምን ጠየቁኝ?

ካቻቢቴ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

የጠየቅኩሽ ሣጥኑን የሞላሽው አንቺ ስለ ሆንሽ ነው። አትቀየሚኝ፤ በዚህ ከተማ ካየኋቸው ማሽኖች አብዛኛው የሚሞላው እንደዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ «ሄድ» የምንለው ቀለም የሚተፋው ክፍል፣ ሥሩ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ በመቶ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ቀለሙ አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው አየር ካገኘው አፉ ላይ ይደርቃል፤ በተለይ እንደኛ አገር ያለ በጋ ምሕረት የለውም። ማሽኗ ይህን ስለምታውቅ ሥራዋን ስትጨርስ ሄዱን ወደ ጥግ ትወስደውና ከሥሩ የጎማ ክዳን ተነሥቶ ይገጥመዋል፤ የጠላ ጋን አፍ እንደሚገጠመው። ከክዳኑ ሥር ፓምፕ አለ። «እጠቢ» ስትያት ፓምፑ በጎማው በኩል ቀለሙን ከሄዱ ይመጠዋል። ያ የተመጠጠ ቀለም ወደ ጠርሙሱ አይመለስም፤ በቀጭን ቱቦ ወርዶ ስፖንጅ ውስጥ ይገባል። በአሮጌዋ ስፖንጁ ከሆዷ ውስጥ የተደበቀ ነው፤ እርሱን ፓድ እንለዋለን። በአዲሷ ደግሞ ስፖንጁ ባለቤቱ ራሱ ነቅሎ በሚቀይረው ሣጥን ውስጥ ነው። ሜንተናንስ ቦክስ ማለት እንግዲህ የእጣቢ ገንዳ ማለት ነው።

አንቺ በየጠዋቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ካጠብሻት፣ በጥሩ ገንዘብ የገዛሽውን ቀለም እየቀዳሽ ገንዳው ውስጥ ትደፊያለሽ ማለት ነው። ማሽኗን በራሷ ቁልፍ አጥፊ። ሄዱን ወደ ቤቱ መልሳ፣ ገጥማ፣ ከዚያ ትጠፋለች፤ የቁልፏ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ጠብቂና ማከፋፈያውን ያን ጊዜ ዝጊ። እያተመች ሳለች ኃይል ከተቋረጠባት ሄዱ መንገድ ላይ አፉን ከፍቶ ያድራል። ለዚህ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ሣጥን፣ ይበቃሻል። እንዲህ ያሉት ትንንሽ ኢንክጄቶች ሲያትሙ ከ20 ዋት ብዙም አያልፉም፤ ወረቀቱን በሙቀት እንደሚተኩሰው ሌዘር መቶዎችን አይጠይቁም።

መስመር ሲታይብሽም ከማጠብሽ በፊት የቀዳዳዎቹን መፈተሻ ገጽ አትሚ። ፈትሺ፣ እጠቢ፣ ፈትሺ። ሦስት ጊዜ አጥበሽ ካልተሻላት አጥፊያትና 12 ሰዓት ያህል ተያት፤ የደረቀው ራሱ ይርሳል። «ኃይለኛ እጥበት» የምትለውን ምርጫ ደግሞ ሌላ መላ ሲጠፋ ብቻ ንኪ፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን ቀለም ጠርጋ ነው የምታወጣው።

አሁን ወደ ባለ አዘዞ። ቆጣሪው ስፖንጁን አያየውም ያልከው እውነት ነው። ከስፖንጁ ውኃው ይተናል፤ በትንሽ በትንሹ የምትሠራ ማሽን ሦስት ጊዜ ዜሮ ብትደረግም ላታፈስ ትችላለች። ነገር ግን የሚተነው ውኃው ብቻ ነው። ፒግመንት የሚባለው ጥቁር ቀለም ዱቄት አለው፤ ዱቄቱ የትም አይሄድም። ቱቦው የሚያንጠባጥብበት ቦታ ላይ እንደ ምስጥ ኩይሳ ይቆለላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀለም ኩይሳውን ዘልቆ መግባት ስለማይችል ወደ ጎን ይፈስሳል፤ የስፖንጁ ሌላው ጫፍ ገና ነጭ እንደ ሆነ። የልጅቱን መጥሪያ የበላውም ይኸው ይመስለኛል። ዜሮ ያደረገላት ሰው ፓዱን አልቀየረም፤ መዝገቡን ነው የሰረዘው።

ስለዚህ ለአዲሷ፣ ሣጥኑን ቀይሪ። ቁጥሩ ያለው ሣጥኑ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ቺፕ ነው፤ አዲስ ሲገባ ከዜሮ ይጀምራል፤ ጠጋኝም ሶፍትዌርም አያስፈልግሽም። ከመግዛትሽ በፊት ግን ኮዱን አንብቢ። ለምሳሌ ኤፕሰን ለኤል6170 እና ለኤል6190 የሚሆነውን ቲ04ዲ1 ይለዋል፤ ለኤል3560 እና ለኤል5590 የሚሆነው ደግሞ ሲ9344 ነው። ካኖን ለጂ3020 የሚያወጣው ኤምሲ-ጂ02 ይባላል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ባለ አዘዞ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ጋሼ፣ ኩይሳውን ሳላይ አላምንም። ዓርብ ከሰዓት ከፍተን አይተን እነግርዎታለሁ።

የዳባቱ መምህር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡45

እኔ ደግሞ ሣጥን የሌላት፣ ፓዷ ሆዷ ውስጥ ያለ ማሽን ነው ያለችኝ። የፈተና ወረቀት የማወጣው በእርሷ ነው። «ሊሞላ ነው» ማለት ጀምራለች። ስፖንጁን አውጥቶ አጥቦ መመለስ አይቻልም? እዚህ ዳባት መለዋወጫ ፓድ የሚሸጥ አላገኘሁም።

ፎቶ አንሺው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

መምህር፣ ያደረግኩትን ልንገርዎትና ሲያበቃ ይሳቁብኝ። እኔም ፓድ ሳጣ ብልህ ነኝ ብዬ የሕፃን ዳይፐር ቆርጬ ጠቀጠቅኩበት። ውኃ የሚይዝ ነገር ከዳይፐር በላይ ምን አለ? በወሩ ጄሉ አብጦ፣ አብጦ የቱቦውን አፍ ደፈነው። ፓምፑ መግፋት አቃተው፤ ቀለሙ ወደ ላይ ተመልሶ የጎማውን ክዳን ሞላው፤ ሄዱ በቆመበት ቀለም ውስጥ ተነከረ። ከዚያ በኋላ የወጣው የሙሽሮች ፎቶ ላይ ሙሽራው ፂም አበቀለ።

ካቻቢቴ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ዳይፐር ሲያጋጥመኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጥጥ የጠቀጠቀም አለ።

መምህር፣ ማጠብ ይቻላል፤ አድካሚ ነው እንጂ። ጓንት ያድርጉ፣ አሮጌ ልብስ ይልበሱ። ስፖንጆቹ ብዙ ክፍል ስለ ሆኑ ከመነቀላቸው በፊት በስልክ ፎቶ አንሥተው ቦታቸውን ይያዙ፤ እንደ እንቆቅልሽ ካልተመለሱ ክዳኑ አይገጥምም። በባልዲ ውኃ እየለወጡ ይጭመቁ። ኩይሳውን በአሮጌ ቢላ ይፋቁት። ከዚያ በጥላ ሥር ለብዙ ቀን ይድረቅ፤ ከላይ ደርቆ መሐሉ እርጥብ ከሆነ ግማሽ ሙሉ ገንዳ መልሰው አስገቡ ማለት ነው። ፈተና ሊደርስ ሲል አይጀምሩት።

የሆድ ፓድ ያላቸው ማሽኖች ቁጥሩን የሚይዙት በራሳቸው ትዝታ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ፓዱ ከታጠበ ወይም ከተለወጠ በኋላ ቆጣሪው ዜሮ መደረግ አለበት። ዜሮ ማድረግ ቦታው እዚህ ነው፤ ከሥራው በኋላ እንጂ በሥራው ፈንታ አይደለም። ለምሳሌ በካኖን ጂ2000ና ጂ3000 ላይ ኢ08 ሲል ሊሞላ ነው፤ ለጊዜው አልፈው መሥራት ይችላሉ። ፒ07 ካለ ግን አብቅቷል። ከኢንተርኔት በነፃ ከሚወርዱት የቆጣሪ ፕሮግራሞች ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያዙት «ጸረ ቫይረሱን አጥፋ» ብለው ነው፤ ሌባ ውሻህን እሰር ሲልህ እንደ ማለት።

አንድ ነገር ልጨምር። እጣቢውን ወደ ቦይ አትድፉት። የእኛ ቦይ ቀሃ ወንዝ ነው የሚገባው፤ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚሞላውም ከቀሃ ነው። አፈር ወይም መጋዝ ባለበት ጣሳ ውስጥ አፍስሳችሁ አድርቁትና በፌስታል ቋጥራችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጡ።

የቁም ጸሐፊ የልጅ ልጅ | ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4፡00

ፕሪንተር የለኝም፤ ግን አላስቻለኝም። አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ራሳቸው ነበር የሚበጠብጡት። ብርዑ የመቃ ነው። ጽፈው ሲነሡ፣ እንግዳ እንኳ ቢመጣ፣ ብርዑን በአንዲት አሮጌ ጨርቅ ሳይጠርጉ አይነሡም ነበር፤ ቀለም የደረቀበት ብርዕ ብራናውን ይጭራልና። ያች ጨርቅ ከጊዜ ብዛት እንደ ቆዳ ደርቃ ለብቻዋ ትቆም ነበር። እንግዲህ የእርሳቸው ሜንተናንስ ቦክስ እርሷ ነበረች። ቆጣሪ አልነበራትም፤ አያቴ በእጃቸው ዳብሰው «ይችስ በቃት» ይሉና ለሴት አያቴ ይሰጧቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ ልብስ ከሚያጥቡበት ገበታ ያርቋታል።

ጋሼ ካቻቢቴ፣ ፒግመንት ያሉት ጥቁር ቀለም ከምን ይሠራል? ይህ ኩይሳ የሚሉት የአያቴን የቀለም ቀንድ ታች ላይ የሚቀረውን አተላ አስታወሰኝ።

ካቻቢቴ | ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4፡35

ከጥላሸት ነው፣ ወንድሜ። ፋብሪካ ውስጥ እጅግ ደቅቆ የተፈጨ ካርቦን ነው እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ለዚህ ነው ውኃ ሲነካው የማይለቀው። ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟው ዳይ የሚባለው ቀለም ግን በቀላሉ ይለቃል።

ፎቶ አንሺው | ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4፡50

ይለቃል አይደለም ይሮጣል። አንድ ዓመት ለጥምቀት ለአስተናባሪ ወጣቶች በዳይ ቀለም ባጅ አተምኩ፤ ፕላስቲክ ሳላለብሰው። ጥር 11 ጠዋት ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ጠበል ሲረጭ የሁሉም ስም አብሮ ተጠመቀ። ነጭ ልብሳቸው ላይ ሰማያዊ ወረደ። እስካሁን ሲያገኙኝ «ስማችንን መልስልን» ይሉኛል።

ባለ አዘዞ | ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡20

ከፈትናት። ኩይሳው አለ። ቁመቱ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። ነገር ግን አላፈሰሰችም፤ ስለዚህ ገና አልተሸነፍኩም። ፓድ ግን አዘናል።

ወረቀቷ ከማራኪ | በሳምንቱ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00

እነሆ መጣሁ። መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ጋሼ ኮዱን አንብቢ እያሉኝ ተቻኩዬ አዲስ አበባ ላለ ሻጭ ደወልኩና «ለባለ ታንክ ፕሪንተር የሚሆን ሜንተናንስ ቦክስ» ብዬ አዘዝኩ። በአውቶቡስ መጣ፤ ከፈትኩት፤ የማሽኗ ጎሬ ሰፊ፣ ሣጥኑ ጠባብ። መልሼ ላክሁ። ለሁለተኛው ግን አሮጌው ላይ የተጻፈውን ኮድ ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። ከመጥሪያው ያልተማርኩትን ከአውቶቡስ ጭነት ሒሳብ ተማርኩ።

ሥራው ግን ከፈራሁት እጅግ የቀለለ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ፣ ጓንት አደረግሁ፣ እያተመች አለመሆኗን አየሁ። በካቻቢቴ (በዕቃው ማለቴ ነው፣ ጋሼ) የጀርባዋን ብሎን አላልቼ ክዳኗን አነሣሁ። ሣጥኑ መያዣ አለው። ቀስ ብዬ ስስበው መጀመሪያ ያዝ አደረገኝ፤ ከዚያ ወጣ። የገረመኝ ክብደቱ ነው። አዲሱን በሌላ እጄ ይዤ ነበር፤ አዲሱ ላባ፣ አሮጌው ድንጋይ። ያ ሁሉ እኔ ገዝቼ፣ ለደንበኛ ሳልሸጠው የደፋሁት ቀለም ነው። የጠዋት ጠዋቱን እጥበት ያን ጊዜ ነው የቆጠርኩት።

ሳላጋድል ከአዲሱ ጋር በመጣው ግልጽ ከረጢት ውስጥ አስገብቼ አፉን አሸግሁ። የአዲሱን ቺፕ በጣቴ አልነካሁም። እስኪቆም ድረስ ገፋሁት፣ ክዳኑን መለስኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ። ማያዋ አንድ ጊዜ አሰበችና ዝም አለች። ቡና ለመቁላት የሚበቃ ጊዜ አልወሰደም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በቁልፏ ነው የማጠፋት። ከረዳቴ ጋር መጣላት ነበረብኝ፤ እርሷም እንደኔ ማከፋፈያውን ረግጦ መውጣት ለምዳለች። ማከፋፈያው ላይ «መጀመሪያ ፕሪንተሯን!» ብዬ በትልቁ አትሜ ለጠፍኩበት። አምስት ጠዋት ሳላጥብ አተምኩ፤ አንድ ቀን ብቻ መስመር ታየ፤ እርሱም መብራት የሄደ ዕለት ነው።

አሮጌውን ሣጥን ምን ላድርገው? መጣሉ አሳዘነኝ። ለሌላ ጊዜ መጠባበቂያ አይሆንም?

ካቻቢቴ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡25

አይሆንም። አንዴ ወጥቶ ከቆየ ውስጡ ያለው ቀለም ይጠጥራል፤ መልሰሽ ብታስገቢው አዲስ የሚመጣውን ቀለም አይመጥም። እንደታሸገ ከልጆች እጅና ከፀሐይ አርቀሽ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አስወግጂው።

ፎቶ አንሺው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጋሼ፣ በዚሁ አንድ ልጠይቅ። እኔ 10 በ15 ፎቶ ያለ ነጭ ጠርዝ ነው የማትመው። ሣጥኔ ገና ግማሽ ነው ትላለች፤ ግን የፎቶዎቹ ጀርባ ላይ የቀለም እድፍ መታየት ጀምሯል። ከሣጥኑ ይሆን?

ካቻቢቴ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡05

ከሣጥኑ አይደለም። ጠርዝ የሌለው ፎቶ ሲታተም ቀለሙ ሆን ተብሎ ከወረቀቱ ውጪ ትንሽ ያልፋል፤ ያለፈው የሚወድቀው ወረቀቱ በሚያልፍበት መንገድ ሥር ባለ ሌላ ስፖንጅ ላይ ነው። ሜንተናንስ ቦክስ መቀየር እርሱን አይነካውም። በአንዳንድ ማሽኖች ያ ስፖንጅ ሲሞላ ጠርዝ አልባ ማተም ብቻ ይከለከላል፤ ባለ ጠርዙ ይቀጥላል። አሁን ጥቂት ቀን በጠርዝ አትምና ጀርባውን እይ። ከጠፋ ስፖንጁ ነው፤ ካልጠፋ የወረቀት መንኮራኩሮቹ ቆሽሸዋል፤ ነጭ ወረቀት ደጋግመህ በባዶው አሳልፍባቸው።

ወረቀቷ ከማራኪ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጋሼ፣ ጨርቅ ለብሳ የተቀመጠችው አሮጌዋስ? ፓድ ተገኝቶላት ትነሣ ይሆን? አንድ ጊዜ እኔው ለመክፈት ሞክሬ ሁለት ብሎን ጠፍቶብኛል።

ካቻቢቴ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡35

ትነሣለች። ቅዳሜ ከሰዓት አምጫት፤ ግን ቀጥ አድርገሽ ያዣት፣ ባጃጅ ውስጥ እንዳታጋድሊያት፤ ሆዷ ገና ሙሉ ነው። ከሥሯ ወፍራም ፌስታል አንጥፊ። ብሎኑ ከእኔ ይገኛል።